ሰማሁ ያላለ ቤት

አንዳርጋቸው የሞተ ዕለት ከእድራችን አንድም ሰው አልመጣም። ድንኳን አልተተከለም፣ ወንበር አልመጣም፣ ሳጥኑን የተሸከሙት ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው የባጃጅ ልጆች ናቸው። ይህን ነገር ለዓመታት ይዤው ኖሬያለሁ። ዓሣ ስጠብስም ይዤው ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ስቆምም ይዤው ነው። ቄሱ «ይቅር በያቸው» ሲሉኝ «እነሱ መጥተው ይጠይቁኝ» እላቸዋለሁ። ሲመጡ ደግሞ በር እዘጋባቸዋለሁ። እንዲህ ነኝ፤ አልዋሽም።

የሚያንገበግበው ባሌ ማን እንደነበረ ለሚያውቅ ነው። አንዳርጋቸው ዓምደ ሚካኤል የዓባይ ማዶ እድር ጡሩምባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ ካፖርቱን ደርቦ፣ ጡሩምባውን ይዞ ይወጣል። ይነፋል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ ቀብሩ የት እንደሆነ ይናገራል። ነፍቶ ግን አያልፍም። በየደጁ ቆሞ ከውስጥ አንድ ሰው «ሰማሁ!» እስኪለው ይጠብቃል። ዝም ካሉት አጥሩን ይመታል። አሁንም ዝም ካሉት ጎረቤት ገብቶ «እነ እንትና የሉም ወይ? የት ሄዱ? ማን ይንገርልኝ?» ይላል። በዚህ ጠባዩ ስንቱ ሰድቦታል! «አንተ ሰውዬ፣ እኛንም ልትቀብረን ነው?» ብለው ውኃ የደፉበት ቤት አለ። ካፖርቱን እያራገፈ፣ እየሣቀ ይነግረኛል።

«ደፉብኝ እንጂ ሰምተዋል» ይላል።

በኋላ እድሩ ሠለጠነ ተባለ። ጸሐፊው መምህር ጥዑመ ልሳን፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ከእንግዲህ ለቅሶ የሚነገረው በስልክ መልእክት ነው» አሉ። ወጣቱ በጡሩምባው እንቅልፍ አጣን ይል ነበርና አጨበጨበ። መልእክቱን የሚልከውን የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትሠራው ሔራን የምትባል ልጅ ነበረች። ያኔ ኮሌጅ ትማራለች፤ አባቷ ፋብሪካ ተቀጥሮ ከሌላ አገር የመጣ ነው፣ እኛው ሠፈር ተከራይተው ነበር የሚኖሩት።

እኔ ለአንዳርጋቸው ከፋኝ። እሱን ግን አልከፋውም። ጋቢ ሸለሙት፤ «ተመስገን፣ እግሬ ዐረፈ» አለና ጡሩምባውን ምስማር ላይ ሰቀለው። ልጅቷን ደግሞ ወደዳት። እድሩ ቢሮ ሄዶ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ስትጽፍ ሲያያት ይውላል። አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት ስገባ ይጠይቃታል።

«ልጄ፣ የሟቹን ስም ስትነግሪው ቤቱን ፈልጎ ያገኛል አልሽኝ። ቢያጣውስ?»

«ይጮኻል አባባ። ይዩት።» የሌለ ሰው ስም ፈጥራ ጻፈች። ማሽኑ ጢው አለ፤ ቀይ ጽሑፍ ወጣ። «አልተገኘም ነው የሚለው።»

አንዳርጋቸው ጭኑን መታ። «ሸዋዬ፣ ሰማሽው? ሲያጣ ዝም አይልም! እስቲ ድገሚው ልጄ።»

ደገመችለት። ሌላም ስም አስጻፋት፤ ያም ጮኸ። «አባባ፣ ሥራ ሊያስፈቱኝ ነው» ብላ ሣቀችበት። ሲወጣ እጁን ራሷ ላይ አድርጎ መረቃት። ይችን ቀን አልረሳትም፤ ኋላ የሆነውን ሁሉ ሳስበው የምመለሰው እሷው ላይ ነው።

ከዚያ መንገዱ መጣ። መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለና ቤታችን ፈረሰ። የጎረቤቴ የዘይነት ግን ፊት ለፊቱ ብቻ ተቆርጦ ሱቋ ተረፈላት። ዘይነት ጨርቅ ትሸጣለች፤ አጥራችን አንድ ነበር፣ የእሷ ልጆች እኔ ቤት ነው ያደጉት። እኛ ከሠፈሩ ወዲያ ዳር ላይ አንዲት ክፍል ተከራየን፤ ጡሩምባውን እዚያም ምስማር ላይ ሰቀለው። ግቢው ሙሉ ተከራይ ነው፤ አንዱ ሌላውን አያውቅም፣ ሁሉም ሌት ተቀን ሥራ ነው። አንዳርጋቸው «እድሬን አልለቅም፤ ዛሬ ቤቴ ቢፈርስ ሰዎቼ አልፈረሱ» አለ። መዋጮውንም ሄዶ ይከፍላል። መምህር ጥዑመ ልሳን የፈረሱትን ቤቶች ከኮምፒውተሩ ሠርዘው አዲሱን አድራሻችንን ሊያስገቡ ቀጠሮ ይዘውለት ነበር።

ክረምት ነበር። ታመምሁ አላለም። ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ በዚያው ቀረ።

ለመምህር ደወልሁ። «እግዜር ያጽናሽ፣ አሁኑኑ አስነግራለሁ» አሉኝ። እኔም አስከሬኑን አስገንዤ፣ ደጁን ጠርጌ፣ ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ ከጭቃው አጽድቼ ተቀመጥሁ። ዝናቡ ሲያባራ በር በሩን አያለሁ። ሰው የለም። ያከራየኝ ሰውዬ ራሱን እያከከ መጣ።

«እትዬ ሸዋዬ፣ እድር አለን ብለውኝ አልነበር?»

«አለን። ይመጣሉ።»

«ደውለው ያስታውሷቸው እንጂ፤ ሰው እኮ ይዘነጋል።»

«ተነግሯቸዋል። ሰምተው ካልመጡ እኔ ልለምናቸው ነው?»

ከሰዓት በኋላ ቄሱ ከዚህ በላይ አይቆይም አሉ። ያከራየኝ ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ የባጃጅ ልጆችን ለመነ። ባጃጃቸውን አቁመው ሳጥኑን አነሡ። አንደኛው፣ ፀጉሩን ያጨፈረረ ልጅ፣ ጉድጓዱ ዳር ቆሞ አለቀሰ። የማያውቀውን ሰው! እኔ አላለቀስሁም። ንዴቱ እንባዬን ያዘው። በልቤ «ንቀውህ ነው» እለዋለሁ። «ስትነፋላቸው ነበር ሰው የሆንህ። ጡሩምባ ነፊ ነው ብለው ንቀውህ ነው።»

መምህር ለካ ያን ዕለት ወንድማቸው ታሞባቸው፣ መልእክቱን ልከው ወዲያው ቆላ ድባ ሄደዋል። ከሠልስቱ በኋላ መጡ። ሰው አለመምጣቱን ስነግራቸው ደነገጡ፤ ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ።

«ይኸው፣ ተልኳል ይላል። ቀኑም አለ። እኔ በስሙ አልዋሽም ሸዋዬ።»

«አልዋሹም። እንዲያውም ደግ አደረጉ፣ ሰምተው የቀሩትን አወቅኋቸው። ይሂዱልኝ።»

በማግስቱ ዘይነት መጣች። ስኳርና ተምር በፌስታል ይዛ፣ ከበር ጀምራ እየጮኸች። «ወላሂ አልሰማሁም! ዛሬ ገበያ ላይ ነው የነገሩኝ! አንቺ እንዴት ሰው አትልኪብኝም?»

«መልእክት ተልኮልሻል።»

«የታለ? ይኸው ስልኬ! ፈትሺው!»

«መምህር ተልኳል ብለዋል። ወይ እሳቸው ወይ አንቺ ትዋሻላችሁ።»

«እኔ? በአንዳርጋቸው? ልጆቼን ተሸክሞ ባሳደገው?»

በሩን ዘጋሁት። ስትለምነኝ ቆየችና ሄደች። ፌስታሉን ደጁ ላይ ትታው ነበር፤ አላነሣሁትም። ስኳሩን ዝናብ በላው።

ከእድሩ ወጣሁ። ለገበያ በዚያ መንገድ ሳልፍ ዘይነት ከሱቋ በር «ሸዋዬ፣ እንዴት አደርሽ?» ትለኛለች። አልመልስላትም። እሷም አትተውም፤ ባለፍሁ ቁጥር ትላለች። እኔም ባለፍሁ ቁጥር ዝም እላለሁ። ዓመታቱ እንዲህ ሄዱ።

ዘንድሮ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ከምጠብስበት ቦታ አንዲት ሴት መጥታ ቆመች። ሻንጣ አንግታለች። ዓሣ ልትገዛ መስሎኝ «ቆረሶ ነው፣ ትኩስ ነው» አልኋት። ቀና ብዬ አየኋት። ሔራን ናት። ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ሥራ ይዛለች።

«እትዬ ሸዋዬ፣ አላወቁኝም?»

«አወቅሁሽ። ምን ፈለግሽ?»

«አባባ አንዳርጋቸው... መልእክታቸው ለማንም አልደረሰም። አንድም ሰው አልሰማም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መጥበሻውን አወረድሁት። ቃሉ ጆሮዬ ገብቶ ሆዴ አልገባ አለ። «መምህር ተልኳል ብለዋል» አልሁ። ለዓመታት ያልሁትን ደገምሁት።

«ማሽኑ ተልኳል ብሏል። ለማን እንደላከ ግን ባዶ ነው።»

አጠገቤ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን አወጣች። «ዘይት ይረጭበታል፣ ራቅ አድርጊው» አልኋት። በዚያ ሰዓት ይህ መታሰቡ ይገርመኛል። ከዚያ አስረዳችኝ። ቃላቱ የሷ ናቸው፤ እኔ እንደገባኝ እናገረዋለሁ።

ፕሮግራሙ ውስጥ ፈላጊ የምትለው አንድ ሥራ አለ። ስም ይሰጡታል፣ ቤቱንና ምድቡን አግኝቶ ይመጣል። ከዚያ ለምድቡ ሰዎችና ለድንኳን ተረኞች ይላካል። ይህን ፈላጊ በሁለት መንገድ ይጠሩታል። አንዱ፣ ፕሮግራሙ ተራ በተራ ሲሠራ መንገድ ላይ ሲጠራው ነው። ያኔ ያጣ እንደሆነ ይጮኻል፣ ሥራው ይቆማል፣ ቀይ ይወጣል። ሌላው ግን መረጃው የተከማቸበትን ቋት ራሱን «እነማን ናቸው? አውጣልኝ» ብለው ሲጠይቁትና ፈላጊውን በጥያቄው መካከል ሲያስገቡት ነው።

«ያኔም እኮ ፈላጊው ይጮኻል» አለች። «ግን ቋቱ ያንን ጩኸት እንደ ጩኸት አይቆጥረውም። አጣሁ ሲለው፣ እሺ የለም ማለት ነው ብሎ ባዶውን ተቀብሎ ያልፋል። የአባባ የድሮ ቤት ተሠርዟል፣ አዲሱ ገና አልገባም። ፈላጊው አጣ። ምድቡ ባዶ ሆነ። ባዶ ምድብ ውስጥ ደግሞ ሰው የለም። ለማንም አልተላከም፤ ጥያቄው ግን በሰላም አለቀና ተልኳል አለ።»

«ለሱ ስታሳዪው ጮኾ ነበር። እኔም ነበርሁ። ጭኑን መትቶ።»

አንገቷን ደፋች። «ያን ዕለት ያሳየኋቸው በመጀመሪያው መንገድ ነው። የሞከርኩትም በሱ ብቻ ነው። ሲጮህ አየሁና በቃ ይሠራል አልኩ። መልእክት የሚልከው ክፍል ግን የሚጠራው በሁለተኛው ነበር። አሁን መምህር ሥራውን ለሌላ ሰው ሊያስረክቡ ሆኖ ወደ አዲስ ኮምፒውተር ሳዛውር፣ የድሮ ሟቾችን ስም እያስገባሁ ሞከርኩት። አባባ ላይ ስደርስ በአንዱ ጮኸ፤ በአንዱ ዝም አለ።»

«ሁሉንም ጩኸት ነው የሚውጠው?»

«አይ። ለአንድ ስም ሁለት ቤት ቢያገኝ ይጮህ ነበር፤ ሌላም ነገር ቢበላሽ ይጮኻል። ዝም የሚለው ምንም ያጣ ዕለት ብቻ ነው።»

«ምንም ያጣ ዕለት አይደል እንዴ መጮህ ያለበት!» ብዬ ጮህሁባት። ዓሣ የሚበሉት ሰዎች ዞር አሉ። ልጅቷ እንባዋ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል።

«ይታወቃል ይሄ ነገር? ሰው ያውቀዋል?»

«ይታወቃል። እኔ ነበርኩ የማላውቀው።»

ልመታት ፈለግሁ። ደግሞ የአንዳርጋቸው እጅ ራሷ ላይ ታየኝ። ምን ላድርጋት? ተማሪ ነበረች። ፍሙን በአመድ አዳፈንሁት።

«አሁንስ?» አልኋት።

«አስተካክየዋለሁ። ፈላጊው ሲያጣ ራሱ እዚያው ጩኸቱን ይይዘውና፣ ቋቱ ሊውጠው በማይችለው በሌላ ጩኸት ለውጦ ያወጣዋል፤ የጠፋውን ሰው ስም ጨምሮ። ከእንግዲህ በየትኛውም መንገድ ቢጠራ ሥራው ይቆማል። አይልክም፣ ተልኳልም አይልም።»

«በሁለቱም መንገድ ሞክረሽዋል?»

«በሁለቱም።»

«አሳዪኝ።»

ስሙን ጻፈች። ማሽኑ ጢው አለ። ቀዩ ወጣ። ብዙ አልተማርሁም፤ ፊደል በፊደል ነው የማነብ። «አንዳርጋቸው ዓምደ ሚካኤል አልተገኘም፣ መልእክት አልተላከም» ይላል። ጣቴን ስሙ ላይ አደረግሁ። የዚያን ዕለት ይህን ብሎ ቢሆን ኖሮ መምህር ይሰሙት ነበር። አንድ ሰው ተነሥቶ ይሮጥ ነበር።

ያኔ ነው ከአንድ ዛፍ ሥር መምህር ጥዑመ ልሳንን ያየኋቸው። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። መጠጋት ፈርተው ነው።

«ይምጡ እንጂ፤ ዓሣ አልከለክልዎትም።»

መጡ። አርጅተዋል። «እኔ ተልኳል የሚለውን አነበብሁ» አሉ። «ለማን ብዬ አልጠየቅሁም። አንዳርጋቸው ቢሆን ይጠይቅ ነበር።»

ከተጠበሰው ዓሣ አቀረብሁላቸው። እሳቸው አልዋሹ፣ ዘይነት አልዋሸች፣ ማንም አልናቀው። ይህን ያህል ዘመን ተሸክሜው የኖርሁት ቂም ባለቤት አጣ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስ አላለኝም። ቂሙ ሲነሣ ከሥሩ ያገኘሁት አንዳርጋቸው መሞቱን ነው፤ ትናንት የሞተ ያህል።

ሔራን አፍንጫዋን ጠረገች። «እትዬ፣ ፈቃድዎ ከሆነ መልእክቱን አሁን ልላከው? ቤቱን አስገብቼ፣ ዘግይቶም ቢሆን ለሁሉም ይድረስ።»

«አይሆንም» አልኋት። «በስልክ አይደለም።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባውን ከምስማሩ አወረድሁ። አቧራውን ጠረግሁ። ካፖርቱን ደረብሁ፤ እጅጌው ጣቶቼን ዋጣቸው። ጡሩምባ የሴት አይደለም ይላሉ። ይበሉ። ነጠላዬን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቄ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ሲነፋ የጥጃ ድምፅ ነው ያወጣ። ተሳፋሪ የሚጠብቅ ባለባጃጅ ሊሥቅ ብሎ ካፖርቱንና ነጠላዬን ሲያይ ተወው።

«እማማ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ባሌ።»

«ውይ! መቼ?»

«ድሮ። መንገዱ ሲሠራ።»

«እና ዛሬ?»

«የሚነገረው ዛሬ ነው።»

ሁለተኛውን ነፋሁ። ይኼኛው ወጣ። እሱ በሚሄድበት መንገድ ሄድሁ፤ እሱ በሚቆምበት ቆምሁ። «የዓባይ ማዶ እድርተኛ! አንዳርጋቸው ዓምደ ሚካኤል አርፏል! ያልሰማህ ስማ!» መስኮት ይከፈታል። አንዱ «አበደች እንዴ?» ይላል። አንዱ «ዝም በል፣ የጡሩምባ ነፊው ሚስት ናት» ይላል። እኔ ከደጁ አልንቀሳቀስም። ዝም ሲሉኝ አጥሩን እመታለሁ። መምህር ጥዑመ ልሳን ከበራቸው ላይ ለብሰው ቆመው ነበር የጠበቁኝ። «ሰማሁ፣ ሸዋዬ» አሉ። ዝቅ ብለው፣ ተማሪ ስሙ ሲጠራ እንደሚለው። ከዚያ ከኋላዬ መጡ። ሔራንም የሆነ ቦታ ላይ ተቀላቅላለች፤ ዞሬ አላየሁም፣ ስታለቅስ ነው የሰማኋት።

ዘይነት ሱቅ ደጅ ደረስሁ። ጡሩምባውን አፌ ላይ አድርጌ መንፋት አቃተኝ። ስሟን ምላሴ ለዓመታት አልጠራውም ነበር።

«ዘይነት!» አልሁ። «አንዳርጋቸው ሞተ!»

በሩ ተበረገደ። ሻሿን በግማሽ እንደጠቀለለች ወጣች። «ሰማሁ!» ብላ ደረቷን መታች። «ወላሂ ሰማሁ! ወይኔ አንዳርጋቸው! ወይኔ ወንድሜ!» ሰዎች ከየቤቱ ወጡ፤ ነጠላ አዘቅዝቀው የወጡም አሉ፣ እንደ መኝታቸው የወጡም አሉ። እርማቸውን ያወጡ ጀመር። ዘይነት ልትይዘኝ እጇን ዘረጋች።

«ቆይ» አልኋት። «አንድ ቤት ይቀረኛል።»

ከሱቋ ቀጥሎ የኛ ቤት ነበር። አሁን አስፋልት ነው። በራችን የነበረበትን በዘይነት አጥር ለክቼ አገኘሁትና መንገዱ መካከል ቆምሁ። ነፋሁ። ስሙን ጠራሁ። «አርፏል! ያልሰማህ ስማ!» አልሁ።

የሚመልስ የለም። እሱ ቢሆን ከዚህ ደጅ አይሄድም። ቆምሁ። ከኋላዬ አንድ ባጃጅ መጥቶ ክላክሱን ነፋ፤ ሰዎቹ ተቆጡት፤ ሞተሩን አጠፋ። ዘይነት ቀስ ብላ መጥታ አጠገቤ ቆመች፣ ሳትነካኝ።

ከዚያ ቤት የቀረ ሰው እኔ ነኝ።

«ሰማሁ» አልሁ።

ጡሩምባውን አስፋልቱ ላይ አስቀምጬ አለቀስሁ።